የነጯ ክኒን ቀናት

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ የሃፊዛን ጆንያ ፈትቶ የሚያይ ነጋዴ አልነበረም። ዛላ በርበሬውን ሸራ ላይ ዘርግታ የሻገተውንና የተሰባበረውን ካስለቀመች በኋላ ጆንያውን ትሞላና አፉን በአረንጓዴ ሲባጎ ራሷ ትሰፋዋለች። ስፌቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ተመልሶ ወደ ግራ ይመጣል፣ መሀል ላይ በሁለት ቋጠሮ ይታሰራል። መርካቶ ያሉ ደንበኞቿ ያንን ቋጠሮ ካዩ ጆንያውን ወደ ሚዛን ይሰዱታል እንጂ እጃቸውን ከትተው አይፈትሹም። ደርግ በወደቀ ማግስት በአንድ ቁና በርበሬ መንገድ ዳር የጀመረችውን ንግድ እስከ መጋዘን ያደረሰላት ይኸው ስፌት ነው። ሰው ማለት ስሙ ነው ይባላል፤ የሃፊዛ ስም ደግሞ ጆንያ አፍ ላይ የተሰፋ ነበር።

ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ የወር አበባዋ መቆራረጥ ጀመረ፤ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። በእሱ አልከፋትም። የከፋት በእሱ ምትክ የመጣው እሳት ነው። ከደረቷ ይነሳና አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ ግንባሯን ያጋየዋል፤ ወዲያው ላብ ያጠምቃትና ደግሞ ብርድ ብርድ ይላታል። በርበሬ መጋዘን ውስጥ ለሚውል ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። በርበሬ የሚለቅሙላት ሴቶች ግን ፊቷ ሲቀላ ባዩ ቁጥር፣ በርበሬው ከጆንያው ወጥቶ እሷ ውስጥ ገባ እያሉ ይስቁ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ቀን ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ነው።

ወልቂጤ የምታስተምረው ልጇ ናጃህ ይህን ስትሰማ መጥታ ወሰደቻትና ዶክተር ሐና ለምትባል የማህፀን ሐኪም አሳየቻት። ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘችላት። አንዷ ቢጫ ናት፣ በየቀኑ የምትዋጥ፤ ሰውነቷ ማምረት ያቆመውን ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የምትተካ። ሁለተኛዋ ነጭ ናት፣ በየወሩ ለአሥራ ሁለት ቀን ከቢጫዋ ጋር የምትጨመር፤ የፕሮጄስትሮንን ሥራ የምትሠራ። ሐኪሟ ያን ዕለት ደጇ ላይ ብዙ ሰው ተሰልፎባት ስለነበር ስለ ነጯ አልዘረዘረችም። ካስቸገረሽ ተመለሽ ብላ ሸኘቻት።

ቢጫዋ አላሳፈረችም። በሳምንታት ውስጥ እሳቱ ጠፋ፣ እንቅልፍ ተመለሰ፣ ሃፊዛ የራሷን ፊት በመስታወት አይታ ሰላም እስከማለት ደረሰች። ነጯ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። እሷን መዋጥ በጀመረች በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጡቷ ይከብዳል፣ ሆዷ እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ጭጋግ ይገባል። ቀበሌው በጠራው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እርግጥ እዚያ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እሷ ብቻ አልነበረችም። የሚብሰው ግን ማታ ማታ ነበር። ምክንያት የሌለው ልቅሶ ይመጣል። ልቅሶው ሲሄድ ምክንያት የሌለው ቁጣ ይተካዋል። አንድ ቀን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃትን፣ በርበሬ ስትለቅምላት የኖረችውን ሃሊማን፣ ሁለት ሦስት የበርበሬ ዘንግ ሳትቀነጥስ ስላሳለፈች ብቻ ከመጋዘን አባረረቻት። ሃሊማ ሻሿን ከጭንቅላቷ ላይ ፈትታ የበርበሬውን አቧራ አራገፈች፣ መልሳ አሰረችውና ወጣች።

ሃፊዛ ያን ማታ ደንግጣ ለባሏ ነገረችው። «ነጯን ስውጥ ራሴን አላውቀውም» አለችው።

ባሏ ሸረፋ ድምፁ ከፍ ብሎ ተሰምቶ የማያውቅ፣ ሶላቱን የማያዛንፍ፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ሲያይ ሰው እንዳይመታ ብሎ ዳር የሚያደርግ ሰው ነው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ባል ማለት ሸረፋ ነው ይላል። ያን ማታ እጇን ይዞ አጽናናት። በማግስቱ ግን የክኒኗን እሽግ ከቦርሳዋ አውጥቶ ራዲዮኑ ያለበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ እንዳትረሺው ብሎ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱብሂ ሰግዶ ሲነሳ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ስንት ነጭ ክኒን እንደቀረ ማየት ልማዱ ሆነ። ገበሬ ደመና እንደሚያየው ነበር የሚያየው። በርበሬ አብቃይዋ ቆሼ ካለው ታናሽ ወንድሙ ከሸምሶ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ «ዛሬ ገና አራተኛዋ ናት፤ ለሷ የምትለው ነገር ካለ ቆይተህ ብትላት ይሻላል» ሲለው ሃፊዛ ከጓዳ ሆና ሰማች። አልወደደችውም። ግን ለእሷ አስቦ ነው ብላ አለፈችው።

በጥቅምት አዲሱ በርበሬ ከቆሼ መግባት ጀመረ። ሸምሶ እዚያ ከገበሬ እየገዛ ይጭናል፣ ሸረፋ እዚህ ይቀበላል፣ ሃፊዛ አስለቅማ ትሰፋለች። ሥራው የተያዘው በሦስቱ ነው። አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ የመጋዘኑ ወለል እርጥብ ሆኖ አገኘችው። ማዕዘኑ ላይ የአትክልት ማጠጫ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ሸራው ላይ የተዘረጋው በርበሬ ቀይ ሆኖ ያበራል፤ በሷ ዕድሜ እንደዚያ የሚያበራ ደረቅ በርበሬ አይታ አታውቅም። እጇን ከታችኛው ክምር ውስጥ ሰደደች። ቀዘቀዛት።

በርበሬ ውሃ ሲረጭበት ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቀለሙም ያምራል። ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ከመሀል ጀምሮ ይሻግታል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ የሚያደርገውም አይጠፋም። ሃፊዛ ግን አድርጋው አታውቅም።

ጮኸች። ከአሥራ ሁለቱ የነጯ ቀናት አንዱ ነበርና ጩኸቷ ራሷንም አስፈራት፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ መጣ። ጭነት ይዞ የመጣው ሸምሶ ግድግዳ ተደግፎ የጫት ቅጠሉን እየቀነጠሰ ወንድሙን አየው። ሸረፋ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«የናጃህ እናት» አላት በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «ነጯ ላይ ነሽ። አሁን ቤት ሄደሽ ተኚ። ስታልቅ በደንብ እንነጋገራለን።»

ሄዳ ተኛች። ክኒኖቹ አለቁ፣ ጭጋጉ ተገፈፈ። እሷም ቁርስ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን እንደሱ አለስልሳ፣ የውሃውን ነገር አነሳች። ሸረፋ ፈገግ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ደህና ሆነሻል፣ ያለፈውን ምን ያደርግልሻል አላት።

ሃፊዛ ዳቦውን እንደያዘች ቀረች። በነጯ ቀን ብትናገር መድኃኒቱ ነው። ነጯ ስታልቅ ብትናገር ያለፈ ነገር መቆስቆስ ነው። በወሩ ውስጥ ቃሏ ቃል የሚሆንበት ቀን አልተረፈም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ውሃው እንደዚህ የሚያምር ድምፅ እንዳለው ግን አላወቀችም ነበር።

ስለዚህ ነጯን ተወቻት፤ እሽጓንም ከመደርደሪያው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማንንም ሳትጠይቅ ቢጫዋን ብቻ መዋጥ ቀጠለች። ሁለት ወር ያህል ጥሩ ኖረች። ጡቷ ቀለላት፣ ልቅሶው ጠፋ፣ መጋዘኑን ከጠዋት እስከ ማታ በዓይኗ ስር አደረገች፤ ሸምሶም ማጠጫውን ይዞ ወደ ቆሼ ተመለሰ። በሦስተኛው ወር ግን ጆንያ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ደም ፈሰሳት። ዓመት ሙሉ ያላየችው ደም፣ ያውም ወጣት ሆና እንኳ አይታው በማታውቀው ብዛት። ደንግጣ ቢጫዋንም ጣለች። እሳቱ በሳምንቱ ተመለሰ። እንዲህ እየደማችና እየጋየች ለሸረፋ ናጃህ ናፍቃኛለች ብላው ወልቂጤ ለመሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

መኪናው ዘቢዳር ተራራን ሲወጣ ጉም መንገዱን ሸፈነው። ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ሃፊዛ ውስጥ እሳቱ ተነሳ። መስኮቱን ከፈተችው።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ልጄን ብርድ ልታስመቺው ነው አለች። ከፊት አንድ ሽማግሌ ቤንዚን ለማዳን ካልሆነ በቀር ሰው በዚህ ብርድ መስኮት አይከፍትም ብለው አጉረመረሙ፤ አባባሉ ትርጉም ባይኖረውም ሁሉም ተስማማ። ረዳቱ ተንጠራርቶ ሊዘጋው ሲል እጁን ያዘችው።

«እናት፣ ዘቢዳር ላይ መስኮት የሚከፍተው ወይ የሰከረ ነው ወይ የተጣላ» አላት እየሳቀ።

«የተጣላሁ ነኝ» አለችው። «ተወው።»

ፊቷን አይቶ ተወው። እስከ አገና ድረስ ጉም እየጠጣች ሄደች። ማንም ሳይታመም ደረሱ።

ዶክተር ሐና በአልትራሳውንድ አየቻት። ከማህፀኗም ናሙና ወስዳ ለምርመራ ላከች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሃፊዛ አስጠግታ አንድ በአንድ ነገረቻት። ቢጫዋ ብቻዋን ስትሆን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ታወፍረዋለች። የሚገታው ካላገኘ እየወፈረ ሄዶ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ነጯ የታዘዘችው ያንን እንድትገታ ነው። ማህፀን ያላት ሴት ቢጫዋን ብቻ መዋጥ የለባትም።

ሃፊዛ ሰማች። እጇ ጭኗ ላይ ተጨብጦ ነበር።

«ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። «እብድ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሰው እብድ ናት ሲለኝ እኔም አመንኩ። አንቺ ታውቂ ነበር።»

ናጃህ በኀፍረት እናቷን ጎነተለቻት። ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም። ልነግርሽ ይገባ ነበር አለች፤ ሰው በዝቶብኝ ነው ብላም አላመካኘችም። ከዚያ ነጯ ለሁሉም ሴት እንደማትስማማ፣ ጡት የምታከብድ፣ ሆድ የምትነፋ፣ ስሜትን የምታውክ እንደሆነች፣ ባይስማማ ደግሞ ይለወጣል እንጂ ተጥሎ እንደማይቀር አስረዳቻት። ሰውነት ራሱ ከሚሠራው ፕሮጄስትሮን ጋር አንድ የሆነ ለስላሳ እንክብል አለ፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ሲተኙ ይዋጣል፣ ስሜት ላይም ለብዙዎች ይቀላል። እሱም ካልሆነ እንደ ሉፕ ማህፀን ውስጥ ተቀምጦ ሆርሞኑን እዚያው የሚለቅ አለ፤ ለእሱ ግን አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል፣ እዚያም መገኘቱ እርግጠኛ አይደለም። የምርመራው ውጤት ደህና ሆኖ መጣ። ናጃህም አዲስ አበባ ላለች ጓደኛዋ ደውላ እንክብሉን አስላከችላት።

ሃፊዛ ቢጫዋን መልሳ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንክብሉን እራት ላይ እየዋጠች ሳህን ሳታነሳ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ኋላ ግን ትራስ ላይ ጭንቅላቷን ስታሳርፍ መዋጥ ለመደች፤ ጠዋት ጠርታ ትነሳለች። ጥቂት የሆድ መነፋት ቀረ እንጂ ልቅሶው አልመጣም። ያ መድረሻ የሌለው፣ ያገኘው ሰው ላይ ሁሉ እንደ ውሻ የሚጮኸው ቁጣም አልመጣም።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባት። ያኛው ቁጣ ሲሄድ ከሥሩ ሌላ ቁጣ ተቀምጦ አገኘችው። ይህኛው አይጮህም፣ አያለቅስም። የማን ቤት እንደሚሄድ በደንብ ያውቃል።

ስለ አዲሱ መድኃኒት ለሸረፋ አልነገረችውም። እንክብሉን የልብስ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች። የነጯን እሽግ መደርደሪያው ላይ እንደነበረ መለሰችው፤ ተራዋ በሚደርስባቸው ቀናት ደግሞ ማታ ማታ አንዲቷን ፈልቅቃ ሽንት ቤት ትጥላለች። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ መጀመሪያ ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ባሏ እሽጉን አንስቶ ሲቆጥር ከአልጋ ላይ ሆና ታየዋለች። አንድ ማለዳ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ዛሬ መጋዘን ገብቼ የድሮውን ክምር ልፈትሽ ስትለው፣ ወደ መደርደሪያው ዞር ብሎ አየና፣ ዛሬ ይቅርብሽ፣ ሰባተኛዋ ናት፣ እረፊ አላት። አፏ ውስጥ አንዲትም ነጭ ክኒን ሳትገባ ማለት ነው። ያን ጊዜ ለምን እንደምታደርገው ለራሷም ግልጽ ሆነላት።

በመጋቢት መጨረሻ መርካቶ ያለው ደንበኛቸው ዑመይር ራሱ መጣ። አባቱ የመስቃን ሰው ናቸው፣ ከሃፊዛ ጋር ንግድ ከጀመረ ረጅም ጊዜው ነው፤ እንደመጣ ግን ሰላምታውን አሳጠረ። ከአይሱዙው ላይ አንድ ጆንያ አስወርዶ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ጎኑን በቢላ ቀድዶ ዘረገፈው። ከላይ ቀይ፣ ከመሀል ግራጫ። የሻጋታው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የጆንያው አፍ ላይ አረንጓዴ ሲባጎ፣ መሀሉ ላይ ሁለት ቋጠሮ።

«ሌላው ሁሉ እንደዚሁ ነው» አላት። «ያንቺ ስፌት ባይሆን ኖሮ መርካቶ ሳይራገፍ እፈትሸው ነበር።»

ሃፊዛ ጎንበስ ብላ ስፌቱን ነካችው። የሷን ይመስላል። የሷ አይደለም። በየካቲት አንድ ዓርብ እሷ ገበያ ስትውል ሸምሶ ከቆሼ መጥቶ አንድ መኪና ሙሉ እንደጫነ ያወቀችው ከሄደ በኋላ ነበር፤ የሲባጎ ጥቅሏ ያለቀው ለምን እንደሆነም አሁን ገባት።

ነገሩ ከጁምዓ በኋላ ሀጂ ሰይዶ ዘንድ ቀረበ። ሀጂ ሰይዶ የነጋዴውን ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። ከድሮ የሚባል ሌላ ሽማግሌ አብሯቸው ተቀመጠ። ዑመይር በደሉን ተናገረ። ከዚያ ሸረፋ እንዲመልስ ተጠየቀ።

ሸረፋ ጉሮሮውን አጸዳ። ወንድማችን ዑመይር እውነቱን ነው አለ፤ ጆንያው ከእኛ ቤት የወጣ ነው፣ የሰፋችውም ባለቤቴ ናት። ግን አትፍረዱባት። ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት አለ፣ እሱን በምትውጥባቸው ቀናት ራሷን አታውቅም፣ የሻገተውን ከደህናው አትለይም። ያን ቀንም የመድኃኒቱ ቀን ነበር። ለታመመ ሰው ይቅርታ ይገባዋል። ኪሳራውን እኔ እችላለሁ።

ይህን ሁሉ ያለው በዚያው ድምፁ ነው። ከድሮ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ እንደዚህ ያለ ባል አላህ ለሁሉም ይስጥ አለ። ዑመይር እንኳ በኀዘኔታ ወደ ሃፊዛ ተመለከተ። ከእሱ ኀዘኔታ ስድቡ ይሻላት ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምታለች፤ ልክክ ያደረገው ሰው ሲመረቅ ግን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

እኔ አልሰፋሁትም አለች። ሸምሶ ሳቅ አለ።

«አያችሁ ሀጂ፣ ይኸው ነው። የሰፋችውን አታስታውስ፣ ያባረረችውን አታስታውስ። ሃሊማን ጠይቁ። ያቺ ክኒን ከገባች ሸይጧንም ቤቱን ትቶላት ይወጣል።»

ሰዉ ሳቀ። ሃፊዛ አልተነሳችም፣ አልጮኸችም። እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አንድ ነገር ጨብጣ ቆየች።

ሀጂ ሰይዶ ሳቁን በእጃቸው አበረዱትና ወደ ሸረፋ ዞሩ። ነገሩ የሰው ስም የሚነካ ስለሆነ የተናገርከውን በመሐላ ታጸናለህ ወይ አሉት። ሸረፋ ቀና አለ። ሲምል ግን ስለ ስፌቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«ቀኑ የነጯ ክኒን ቀን እንደነበር እምላለሁ» አለ። «ጠዋት በዓይኔ ቆጥሬዋለሁ።» እጁንም አነሳ።

«የናጃህ አባት፣ አትማል» አለች ሃፊዛ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አትማል። ሐሰት ይሆንብሃል።»

ከቦርሳዋ ያወጣችውን የእንክብል ፓኬት ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ከጥር ጀምሮ የምትውጠው ይህን እንደሆነ፣ ነጯ ስላልተስማማቻት ሐኪሟ እንደለወጠችላት፣ ወልቂጤ ደውሎ መጠየቅ እንደሚቻል ነገረቻቸው። መናገር የማያስፈልጋትን የሴት ነገር ለወንዶች እየተናገረች መሆኗን ታውቃለች፤ ጆሮዋ ጋለ፣ ግን አላቆመችም። መደርደሪያው ላይ ያለውንስ ማን ይውጠዋል ብለው ሀጂ ሰይዶ ጠየቋት።

«እሱ ጠዋት የሚቆጥረውን እኔ ማታ ሽንት ቤት እጥለዋለሁ» አለች።

ሽማግሌው ከድሮ ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ሸረፋ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ፊቱ ላይ የነበረው ያ የሚያምር ትዕግሥት ምን ላይ እንደሚያርፍ ጠፋው።

ሀጂ ሰይዶ ግን አልሳቁም። «ለምን ደበቅሽው ልጄ?» አሏት።

«አባባ ሀጂ፣ ቁጣዬን ክኒኑ ላይ ይጽፈው ነበር። ክኒኑ ሳይኖርም ይጽፈው እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። ጻፈው።»

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። ከዚያ ሸረፋን ቀኑን ተወው አሉት። ቀኑን የጠየቀህ የለም። ይልቅ ይህን ማልልን፤ ጆንያውን የሰፋችው ሃፊዛ ናት?

ውጭ የሚያልፍ ጋሪ ድምፅ ተሰማ። ሸረፋ ወደ ወንድሙ አየ፣ ወደ ምንጣፉ አየ። ሶላት የማያዛንፈው ሰው እጁን ማንሳት አቃተው።

«ሸምሶ ነው» አለ በመጨረሻ። ውሃውንም አውቅ ነበር ሲል የተሰማው ለሃፊዛና ለሀጂ ሰይዶ ብቻ ነው።

ሸምሶ ካሳውን እንዲከፍልና ከመጋዘኑ እንዲወጣ ተፈረደ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ማስታረቁ ገቡ። ነገሩ ከዚህ እንዳይወጣ፣ የቤት ገመና ገበያ ላይ እንደማይዘረጋ፣ አሁን ሁሉም እንደበረደ ተናገሩ።

«ለእናንተ በርዷል» አለች ሃፊዛ። «የኔ ስም የተበላሸው ገበያ ላይ ነው። ገበያ ላይ ይስተካከል። የናጃህ አባት እዚህ ያለውን እዚያ ቆሞ ይበለው።»

ከድሮ ሊመልሳት አፉን ሲከፍት ዑመይር ቀደመው። ልክ ናት አለ። በሚቀጥለው ዓርብ ሸረፋ የበርበሬ ተራው መሀል ቆሞ ስፌቱ የሚስቱ እንዳልነበረ ተናገረ። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ፣ ከኋላ የቆሙት አልተሰማም እያሉ ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

ሃፊዛ ያን ዕለት ገበያ አልቆመችም። ሃሊማ ቤት ሄዳ ነበር። ያን ጊዜ ያባረርኩሽ በከንቱ ነው አለቻት። ሃሊማ ክኒኑ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ አለች። ሃፊዛ፣ አዎ፣ ያኛው ክኒኑ ነበር፣ ግን ያባረርኩሽ በኔ አፍ ነው አለቻት። ሃሊማ ሻሿን አጥብቃ አስራ ጫማዋን ፈለገች። ሁለቱ መጋዘን ገብተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱትና የቀሩትን ጆንያዎች ሁሉ በቢላ እየፈቱ ዘረገፏቸው። አቧራው እያስነጠሳቸው እስኪመሽ ለቀሙ። የተበላሸው ከደህናው በለጠ። ሃፊዛ ከጆንያዎቹ የወጣውን አረንጓዴ ሲባጎ ጠቅልላ ጣለችው፤ ደህናውን በሰማያዊ ሰፋችው።

ማታ ሸረፋ እራቱን ሳይጨርስ ተቀምጦ ቆየ። ክኒኑን ከተውሽው ቆይተሻል፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ንዴት ከምን መጣ ብሎ ጠየቃት። የጠየቀው ከልቡ ነበር፤ ያም የባሰ አናደዳት። እንክብሏን ይዛ ወደ መኝታ ሄደች።

በማግስቱ ሱብሂ ሰግዶ ሲነሳ እግሩ ወደ ለመደበት ወሰደው። እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ከራዲዮኑ አጠገብ እሽጉ የለም። በቦታው የጆንያ መስፊያዋ ትልቅ መርፌ ተጋድሟል፣ ዓይኑ ውስጥ ሰማያዊ ሲባጎ ገብቶበታል። ቆሞ አየው። የሚቆጠር ነገር አልነበረውም። ወደ አልጋው ዞረ፤ ሃፊዛ ነቅታ እያየችው ነው። የሚይዘው ቢያጣ ፊቷን አየ።

«እንዴት ነሽ ዛሬ?» አላት።

ያገባት ዕለት ካልሆነ በቀር እንደዚህ ጠይቋት አያውቅም። ተነስታ ሻሿን አሰረች፣ መርፌውን ከመደርደሪያው ላይ አነሳች፣ እሱ ዘንድ የሚያድረውን የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እስኪሰጣት እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

«ተቆጥቻለሁ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ቁልፉንም ተቀብላ ወጣች።